የጋሽ አንጁሎ አስተርጓሚ

ሐኪሙ «ጋሼ፣ ስኳሩን በክኒን ብቻ አንችለውም፤ ይንቀሳቀሱ» ስላለኝ በጡረታ ዕድሜዬ ሳይክል ገዛሁ። ልጆቼ ሳቁብኝ። ባለቤቴ «ወድቀህ ብትሰበር አስታምምሃለሁ፤ እየተሳደብኩ ግን ነው» አለችኝ። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት፣ የአርባ ምንጭ ፀሐይ አናት መብሳት ሳትጀምር፣ ቆቤን ደፍቼ እወጣለሁ። የሳይክል መንገድ ተሠርቶልናል፤ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ስሙ የሳይክል ይሁን እንጂ ሳይክል የምንነዳበት እኔና ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ነን። ባጃጅ ይቆምበታል፤ ሻይ ቤቱ ወንበር ይደረድርበታል፤ አንዱ ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋውን ደፍቶበት ሄዷል፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ የሚጠይቀው የለም። ጎረምሶቹ ሳልፍ «ፋዘር፣ ንካው!» ይሉኛል። መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ አሁን ደወሌን እደውልላቸዋለሁ። ደስታዬም እዚያው ነው። ቁልቁለት ላይ ንፋሱ ሸሚዜ ውስጥ ሲገባ ዕድሜዬም ስኳሬም ይረሳኛል። ይህን ደስታ ግን እንደ ሌላ ሰው በንጹሕ ልብ አላጣጥመውም። ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ደፍሬ አይደለም፤ ዝም ማለቱ ስለመረረኝ ነው።

ባለፈው ወር ነው። ሲቀላ ገበያው አጠገብ ስደርስ የሳይክሉ መንገድ ላይ የማንጎ ክምር ተደርድሮ አገኘሁ። ጠዋቱን ሁለት ባጃጅ ገፍቶኝ ስለነበር ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነበረች። ደወሉን ደጋግሜ ደወልኩና «እናንተ ሰዎች! ይሄ እኮ የሳይክል መንገድ ነው! ሌላ መሬት ጠፋ?» ብዬ ጮህኩ። ከክምሩ ኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁን እናነሳለን» አለና ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው ይመልስ ጀመር። ድምፁን አወቅኩት። ቶማስ ነበር፤ የወጣትነት ጓደኛዬ፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሸሸሁት ሰው። መንግሥት ከአንዱ ከተማ ወደ አንዱ ሲያዘዋውረኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ እሱ ጫኖ እንደሚኖር ሰምቼ ነበር። ለዚያ ብዬ በጫኖ በኩል የሚያልፍ መኪና ላይ ስሳፈር እንኳ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞር ነበር። እንግዲህ በራሱ እግር መጥቶልኝ፣ እኔ ደግሞ ጮኼበት፣ «ጌታዬ» እያለኝ ማንጎውን ይለቅማል።

«ቶማስ?» አልኩት። ቀና ብሎ ዓይኑን አጠበበና «ግርማ! አንተ ነህ እንዴ? ምነው እንዲህ ሸበትክ?» ብሎ ተነሣ፤ ትከሻዬን በትከሻው መታው። ከዚያ ሳይክሉን አየው። ከፊት ጎማው እስከ ኋላው ቀስ ብሎ አየው። «ጥሩ ሳይክል ነው» አለኝ፤ «ፍሬኑ ይይዛል?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ እንደሆነ ለወጉ የጠየቀ ነው የሚመስለው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ስድስት ማንጎ በፌስታል አድርጎ መሪው ላይ አንጠለጠለልኝ፤ ልክፈል ብል «ሂድ ወዲያ!» አለኝ። ቅዳሜ ጫኖ እመጣለሁ ብዬው ሸሸሁ። ያን ሰሞን ቤቱ ማንጎ ማንጎ ሲሸት ከረመ። ባለቤቴ «ምነው አትበላም? እንዲህ ጣፋጭ!» ትለኛለች፤ እኔ ስኳሬን አሳብባለሁ።

በዚያ ዘመን አርባ ምንጭ እውነትም ሁለት ከተማ ነበረች። ሴቻ ላይ መሥሪያ ቤቱ፣ ሲቀላ ታች ገበያውና ጨዋታው፤ በመካከላቸው ያ ቁልቁለት። ባጃጅ የሚባል ነገር በሕልማችንም አልነበረም። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ አምስት ሳንቲም፤ ከጫሞ የመጣ ዓሣ ሙሉው ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ሲቀርብልህ ሃምሳ ሳንቲም ብትጥል ባለቤቱ ቆሞ ይሸኝሃል። ሙዝማ ማን ገዝቶት! ከኩልፎ ወንዝ ዳር ጭኖ የሚመጣውን ጋሪ ነጂ ሰላም ካልከው አምስት ስድስቱን ገንጥሎ ይወረውርልሃል። ዛሬ የሙዝ ዋጋ ስጠይቅ ሻጯ ትስቅብኛለች፤ የምጠይቃት ልገዛ ሳይሆን ልናደድ እንደሆነ ገብቷታል። ሱሪያችን ከታች መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ነበር፤ ሳይክል ስንነዳ ሰንሰለቱ እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ እናስረዋለን። አፍሮዬን በሚዶ ሳልነፋ ከቤት አልወጣም። አንገተ ሰፊ ናይለን ሸሚዝ ነበረኝ፣ ቢጫ፤ በዚያ ሙቀት ናይለን! ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ግን ማን ያወልቀዋል? እሑድ ከሰዓት የሐጂ ሱቅ በር ላይ ቆመን ሬዲዮ እንሰማለን፤ ሐጂ ዘፈኑ ደስ ካላቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉልናል፣ ደስ ካላላቸው «ሂዱ፣ ደንበኛ ጋረዳችሁ» ይሉናል። ሳይክል ኪራይ ግማሽ ሰዓት በስሙኒ ነበር፤ አከራዩ ሰዓቱን እያየ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንዲት ደቂቃ ካሳለፍክ ጉድህ ፈላ። እኔ ግን ለኪራይ አልከፍልም ነበር። ቶማስ ነበረኛ።

ቶማስ ሸማኔ ነበር፤ ከአባቱ ከጋሽ አንጁሎ ጋር ሲቀላ አንዲት የሣር ቤት ውስጥ ይሸምኑ ነበር። ከጨንቻ ደጋ የወረዱ ናቸው። ሁለት ዓመት ሸምኖ ባጠራቀመው ጥቁር የቻይና ሳይክል ገዛ፤ ከዚያ የኋላውን ጭቃ መከላከያ ቀይና ቢጫ ጥለት አድርጎ ቀባው፣ ልክ እንደ ጋቢ። በከተማው እንደሱ ያለ ሌላ ሳይክል አልነበረም፤ ሰዎች ገና ከሩቅ ሲያዩት «ቶማስ መጣ» ይላሉ፤ እኔ ስነዳው እንኳ። አባቱ ደግሞ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ልብሱ ሁልጊዜ የጸዳ ሰው ነበሩ። ጋሞኛ እንጂ አማርኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በእናቴ የጋሞ ልጅ ስለሆንኩ በቋንቋቸው ሰላም ስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ከወንበራቸው ተነሥተው «ና፣ ተቀመጥ» ይሉኛል። ልጃቸውን የማይሰስት ሰው አድርገው አሳድገዋል፤ ሳይክሉን ስጠይቀው አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ እሑድ ጠዋት ሴቻ ደርሼ ልመለስ ሳይክሉን ስወስድ ቶማስ «ፍሬኑ አልቋል። ስትመለስ ቁልቁለቱን እንዳትነዳው፤ ይዘኸው በእግርህ ውረድ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት አይገድም። ስመለስ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መንገዱ ባዶ። ታች ደኑ አረንጓዴ፣ ሐይቁ ያብለጨልጫል። ማንም አላታለለኝም፣ ማንም አልገፋኝም፤ ነፋሱ አማረኝ፣ ወጣሁና ለቀቅኩት። ለጥቂት ጊዜ፣ ልዋሽ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መታጠፊያው ጋ አንዲት ሴት የሙዝ ቅርጫት ተሸክማ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ አየሁ። ፍሬኑን ጨበጥኩት፤ ምንም የለም። ደወሉን ስደውል ዞር ብላ ሳታይ ልትሸሸኝ ፈቀቅ አለች፤ ፈቀቅ ያለችው እኔ ወደምመጣበት ነው።

ስነሣ ክርኔ ተልጧል እንጂ ደህና ነኝ። እሷ በግንባሯ ተደፍታለች፤ ግራ እጇ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል። ፊቴን አላየችውም። «ወንድሜ፣ አንሳኝ» አለች። ወንድሜ ነው ያለችኝ። ከታች የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሳይክሉን እዚያው ጥዬ በቁጥቋጦው ውስጥ ሮጥኩ። ሰው ሲደነግጥ ብዙ ያደርጋል ይባላል፤ እኔ ግን ስሮጥ ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። የቢጫ ሸሚዜን ቀለም ነው ያሰብኩት፤ አውልቄ በብብቴ ያዝኩት።

በጓሮ ዞሬ ቶማስ ቤት ደረስኩና የሆነውን ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሴትየዋስ?» ብሎ ነው። «አላውቅም» አልኩ። «ሳታነሳት መጣህ?» አለኝ። መሥሪያ ቤቱ በሙከራ ነው የቀጠረኝ፣ ማጽኛዬ በሁለት ወር ውስጥ ይወሰናል፣ ሴትየዋን ደግሞ አውቃታለሁ፣ ባሏ ሃምሳ አለቃ ነው፣ ቢከሰኝ እባረራለሁ፣ እናቴን የሚጦራት የለም፤ ያልዘበዘብኩት የለም። ቶማስ እስክጨርስ ሰማኝና «እኔ ስምህን አልጠራም። አንተ ራስህ ትናገራለህ። እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ሳይክሉን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማታውን ፖሊሶች መጥተው ሲይዙት «ሳይክሉ የኔ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለአባቱ ብቻ «እኔ አይደለሁም» አለ። ጋሽ አንጁሎ ማን እንደሆነ ሁለተኛ አልጠየቁትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሽ አንጁሎ ቤቴ ድረስ መጡ። ቶማስ በዋስ ወጥቷል፤ ሃምሳ አለቃው ግን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ዝቷል፤ እሳቸው ሽማግሌ ሰብስበው እርጥብ ሣር ይዘው ሊለምኑ ነው። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ማንም ተራምዶት አያልፍም፤ ሣር ከተያዘ ወዲያ ክርክር የለም፤ ጠቡ እዚያው ያበቃል። ሃምሳ አለቃው ጋሞኛ አይሰማም። ሽማግሌዎቹም ከጨንቻ የወረዱ ናቸው፣ አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። «አንተ የተማርክ ነህ፤ የቶማስም ጓደኛ ነህ፤ አስተርጉምልን» አሉኝ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «እሺ» ነው። ያ «እሺ» የሚሉት ነገር እኔን አጥፍቶኛል።

ሃምሳ አለቃው ግቢ አምስት ሽማግሎች ነጭ ለብሰው፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። ጋሽ አንጁሎ ከፊት ናቸው። ቶማስ አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ፤ ከተንበረከኩት መሐል የቆምኩት እኔ ብቻ። ጋሽ አንጁሎ በጋሞኛ እንዲህ አሉ፦ «ይህን ያደረገው ልጄ አይደለም። ልጄን አውቀዋለሁ፣ አይዋሸኝም። ማን እንደሆነ አላውቅም። ሳይክሉ ግን ከቤቴ ነው የወጣው። ከቤቴ በወጣ ነገር ሰው ስለተሰበረ ይቅር በሉኝ ብዬ መጥቻለሁ።» ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ይህን እንዳለ ብናገር ሃምሳ አለቃው «ታዲያ ማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ማን ነው ከተባለ ደግሞ ፍለጋው ሊጀመር ነው። «ልጄ አጥፍቷል። ሰው ገጭቶ ሸሽቷል። ስለ ልጄ ብላችሁ ይቅር በሉኝ ነው የሚሉት» አልኩ። ቶማስ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ የነበረው እንደዚያ ያደርጋል ብሎ ያላሰበ ሰው ግርምት ነው። ሴትየዋ እጇ በእንጨት እንደታሰረ ከቤት ወጥታ በቀጥታ ወደሱ ሄደችና «አንሳኝ እያልኩህ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» አለችው። ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። ቶማስ «ይቅር በይኝ» አላት። አባቱ ሣሩን መሬት ላይ አኖሩ፤ ሃምሳ አለቃውም እጃቸውን ይዞ አነሣቸው። ታረቁ። እኔንም «እግዜር ይስጥህ» ብለው አመሰገኑኝ።

ማጽኛዬ መጣ። መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ላሉ ጓደኞቼ ዓሣ ጋበዝኩ፤ ቶማስን አልጠራሁትም። እሱን ሲቀላ ውስጥ «ገጭቶ ሸሽ» ይሉት ጀመር፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ከኋላው ይጮሁበታል። ጋቢ የሚያሠሩ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። በዓመቱ ሳይክሉን ሸጦ፣ አባቱን ይዞ፣ ጫኖ ወርዶ የሰው ማሳ ላይ ተቀጠረ። እጁ እንዲያ የለሰለሰ ሸማኔ መሬት ሊቆፍር። እኔ ሴትየዋን ገበያ ውስጥ ቅርጫቷን በአንድ እጇ ስትታገል ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ወደ ሌላ ከተማ ስዛወር ደስ አለኝ፤ የሚቀየር መንገድ አልቆብኝ ነበር።

ቅዳሜ ጫኖ የሄድኩት በባጃጅ ነው። ሳይክል ይዤ እዚያ ግቢ ለመግባት ፊት አልነበረኝም። ቶማስ አሁን የራሱ መሬት አለው፤ የመስኖው ቦይ በመሐሉ ያልፋል፤ ከላይ ማንጎ፣ ከታች ሙዝ። ባለቤቱ ሀለኮ በምንለው በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ የቦቆሎ ድብልብል ከነዳጣው አቅርባልን ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ሳህኑን አልነካሁትም። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ አደባባይ ቆሜ፣ እውነቱን ተናግሬ ስሙን ላጠራለት ነበር ሐሳቤ።

«ቶማስ፣ ያን ነገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሣር የተያዘበትን ነገር ማንሳት ጎሜ ነው» አለኝ ወዲያው፤ «እናትህ አልነገረችህም?» ነግራኛለች እንጂ። ዕርቅ የሚያፈርስ ሰው በራሱም በልጆቹም ላይ የሚጠራው መዓት ነው።

«ስምህን አጥፍቼአለሁ እኮ! ሰው ሁሉ ይወቅልህ!»

«የቱ ሰው? ሴትየዋም ሃምሳ አለቃውም ሞተዋል። “ገጭቶ ሸሽ” የሚሉኝ ሕፃናት ራሳቸው የልጅ ልጅ አይተዋል። አባቴ ተንበርክኮ የዘጋውን አንተ ቀለል እንዲልህ ብለህ አትከፍተውም።»

ፊቴን ወደ መስኖው አዞርኩ። ቦይ ውስጥ ውሃው ይሄዳል። «አንተስ? ይቅር ብለኸኛል?» አልኩት።

«ብዙ ዓመት ተናድጄብህ ነበር» አለ፤ «አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት። ከዚያ ደከመኝና ተውኩት። ይቅርታ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም።»

«እኔን የሚያቃጥለኝ አባትህ ናቸው» አልኩ። «እዚያ ተንበርክከው በአፋቸው ያላሉትን አስባልኳቸው። ሳያውቁት ሞቱ።»

ቶማስ ገርሞት አየኝ። «ምኑን ነው ያላወቀው?»

«አማርኛ አይሰሙም ነበራ።»

«ግርማ!» አለኝ፤ «አባቴ ሃያ ዓመት ገበያ ላይ ጋቢ ሲሸጥ ገዢዎቹ በምን ቋንቋ የሚከራከሩት ይመስልሃል? መናገሩን ያፍር ነበር እንጂ ቃል አያመልጠውም። ማን እንደገጫት ያወቀው እኮ አንተ ስትተረጉም ነው።»

ያ ሁሉ ዓመት ሲያሳፍረኝ የኖረው እሳቸው አልሰሙም ብዬ ነበር። «ሰምተው… ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ሣር ይዞ! ሣር የያዘ ሰው ይከሳል እንዴ?» አለና ቀጠለ። «ስንመለስ እኔ አለቅስ ነበር። “ልጁ ፈርቶ ነው፤ ተወው፣ ነገ ይመጣል” አለኝ። ነገ አልመጣህም። ጫኖ ከወረድን በኋላም መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ብሎ ያይ ነበር። ሊሞት ሰሞን “ያ አስተርጓሚ መጣ?” አለኝ። “አልመጣም” አልኩት። “ሲመጣ ሳይበላ እንዳትሸኘው” አለኝ።»

ይህን ብሎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። በስልሳ ምናምን ዓመቴ እንደ ሕፃን ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ቢሰድበኝ፣ ከግቢው ቢያባርረኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

«አልችልም ቶማስ» አልኩት።

«ትችላለህ» አለኝ፤ «የሰጠኝ አደራ ነው። እኔን ደግሞ ዳግመኛ በአባቴ ፊት አታሳፍረኝ።»

በላሁ።